ከባሕር ማዶ የሚመጡ የጤና ተማሪዎችና የእኛ ድርሻ



ቀድሞ የምዕራብ ሸዋ አካል በነበረችው በወሊሶ ከተማ የቤተ ክርስቲያናችን የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታልና የነርሶች ማሠልጠኛው ይገኛሉ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓዶቫ የሆነው ኩአም የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ከኢጣልያ የሕክምና ተማሪዎችን ለአንድ ወር ያህል ወደዚሁ ሆስፒታል ሲያመጣ ኖሯል። እንዲህ ያለ እንግዳ፣ ሐኪምም ሆነ ነርስ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጉደር ወይም ወደ ጌዶ ቢመጣ፣ የሚያስተረጉመው ከእኛው መካከል አንዱን ነውና ነገሩ እኛንም ይመለከተናል።

አንዲት እናት «ልቤን ያቃጥለኛል» ብትል፣ ቃሉን ብቻ የተረጎመ ሰው እንግዳውን ወደ ልብ በሽታ ይመራዋል፤ እርስዋ ግን የምትናገረው ስለ ጨጓራዋ ሊሆን ይችላል። «ምች መታኝ» ለሚለውማ አቻ ቃል ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ተማሪው የሚጠቀመው «የቱ ጋ ነው? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በቤት ምን ተደረገልሽ?» ብሎ መጠየቅን ሲለምድ ነው። ይህን ልምድ ይዞ ወደ አገሩ የተመለሰ፣ በሚላኖ ሆስፒታል የእኛ ተወላጅ የሆነች ስደተኛ እናት ብትገጥመው፣ ዝምታዋን እንደ አለማወቅ አይቆጥርባትም።

ካፑቺኑ አባ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1846 ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ ጉዱሩ የደረሱት ግን በ1852 ነበር። ሕዝቡን ከፈንጣጣ ስለ ከተቡት «አባ ፈንጣጣ» ተባሉ። ክትባቱ ብቻውን አልበቃቸውም፤ ቋንቋውን አጥንተው የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 በፓሪስ አሳተሙ። ከተሾሙ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! የአንድ ወር እንግዳ ይህን ያህል ሊያውቅ አይችልም፤ አለማወቁን ተረድቶ ከሄደ ግን መምጣቱ ከንቱ አልሆነም።

የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። በአገሩ ያልተፈቀደለትን ሥራ በድሆች አካል ላይ የሚለማመድ፣ ወይም ሕመምተኛን ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ተማሪ ትምህርቱን በሌላው ክብር እየገዛ ነው። እኛም እንግዳ አክባሪ ስለ ሆንን አይተን ዝም እንላለን፤ ይህ ዝምታ ትሕትና አይመስለንም።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ ለማስተርጎም ስትጠሩ አስቀድማችሁ ሕመምተኛው ያለውን እንዳለ ተናገሩ፤ ቀጥሎም በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ አስረዱ። «ጾም ስለ ሆነ የጧቱን ኪኒን አልዋጥሁም» ቢላችሁ፣ እንግዳው እንዳይታዘበን ብላችሁ አትሸፍኑለት። ሴት ልጅ የምታፍርበት ጥያቄ ሲመጣም ከእናንተ ይልቅ አንዲት እናት እንድትተረጉም አድርጉ።