የሠራተኛ ደመወዝና የሠራተኞች ማኅበር በክርስቲያን ዘንድ

የሠራተኛ ዋጋ በቅዱሳት መጻሕፍት ከፀሐይ መግቢያ ጋር የተያያዘ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቍጥር 14 እና 15 እንደ ተጻፈው፥ ድኻውን ሠራተኛ፥ የአገር ልጅም ይሁን መጻተኛ፥ ያሠራ ሰው ዋጋውን በዚያው ዕለት ሊሰጠው ይገባል፤ ሠራተኛው የነገ እንጀራውን በዚያ ዋጋ ይጠብቃልና። ጦቢትም ልጁን ጦብያን ሲመክረው፥ የሠራለትን ሰው ዋጋ በእጁ እንዳያሳድር አዘዘው (ጦቢት 4፥14)። ሲራክ ደግሞ የሠራተኛን ዋጋ የሚያስቀረውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር ይቈጥረዋል። በሐዲስ ኪዳንም ሐዋርያው ያዕቆብ፥ በእርሻው ባለቤት እጅ የቀረው የአጫጆች ዋጋ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል (ያዕ. 5፥4)።

በእነዚህ ሁሉ ቃላት ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከመጻሕፍቱ አንዱም ደመወዝን ምጽዋት ብሎ አልጠራውም። ምጽዋት ሰው ከገዛ ገንዘቡ የሚሰጠው ነው፤ ደመወዝ ግን ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የሌላ ሰው ገንዘብ ሆኖ በአሠሪው እጅ የሚቀመጥ ነው። እንግዲህ ደመወዙን የሚጠይቅ ሠራተኛ ለማኝ አይደለም፤ የሚከፍለውም አሠሪ ቸር ሊባል አይገባውም፤ ዕዳውን ከፈለ እንጂ።

ይህን ትምህርት ይዘን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በመቐለ ከተማ መካከል የሮማናት አደባባይ ይገኛል። ስሙን የሚሰማ ካህን በአሮን ልብስ ጫፍ ከወርቅ ሻኵራ ጋር እየተፈራረቀ የተሠራውን ሮማን (ዘጸ. 28፥33) ሳያስታውስ አይቀርም። በዚህ አደባባይ ከሚመላለሱት ምእመናን ብዙዎቹ መምህራን፥ የጤና ባለሙያዎችና ሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ. ም. ጦርነት ተነሣ፤ ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮም ባንክ ተዘጋ፥ ደመወዝም ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ተፈርሞ ክፍያው እንደ ገና እስኪጀመር ድረስ የ17 ወር ደመወዝ ሳይከፈል ቀረ። በኦሪቱ አቈጣጠር ካሰላነው በሠራተኛው ዋጋ ላይ ፀሐይ ከ500 ጊዜ በላይ ገባች ማለት ነው። በዚያ ጊዜ መምህሩ የቤት ዕቃውን ሸጠ፤ ከጎረቤት ተበደረ፤ ይመጸውት የነበረው ተመጽዋች ሆነ።

ከስምምነቱ በኋላ ውዝፉን ደመወዝ የጠየቀው ማን ነው? የትግራይ መምህራን ማኅበር ነው። ጥያቄውን በአባላቱ ስም ይዞ እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። አንድ መምህር ብቻውን ቢሆን ይህን ሊያደርግ ባልቻለ ነበር፤ 17 ወር ደመወዝ ያላገኘ ሰው ለጠበቃ የሚከፍለውን ከየት ያመጣል? ማኅበር ማለት ይህ ነው፤ ብቻውን ለመናገር አቅም የሌለውን ወንድም ብዙዎች ሆነው ማናገር ነው።

በዚያችው ከተማ ሌላም ነገር አለ። በሐምሌ ወር 2009 ዓ. ም. የተመረቀው የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን በልብስ ስፌት ሥራ አሰማርቶ ነበር፤ ጦርነቱ ሥራውን እስኪያቋርጠው ድረስ። በእንዲህ ያለው ሥራ የሚከፈለው ምን ያህል እንደ ሆነ ከሐዋሳው ፓርክ እንረዳለን፤ በ2011 ዓ. ም. የወጣ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል መሆኑን ገልጿል። ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትኖር ልጅ በዚህ ገንዘብ ለወላጆቿ ልትልክ ይቅርና ወሩን ልትጨርስበት ትቸገራለች። የምትናዘዝላቸው የንስሐ አባት ይህን ያውቃሉ።

እነሆ ጥያቄው ወደ ካህናት አባቶች የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ሠራተኛው፥ «አባቴ፥ በሠራተኞች ማኅበር ብገባ፥ ደመወዝ ይጨመርልን ብዬ ብፈርም ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶች ማኅበሩን እንደ ማንጐራጐር ቈጥረው፥ «ባለህ ይብቃህ» ብለው ያሰናብቱታል። ለዚህም ሁለት ጥቅስ ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱንም መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው መጥምቀ መለኮት ዮሐንስ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው የተናገረው ነው (ሉቃ. 3፥14)። ነገር ግን ይህ ለማን ተነገረ? ለጭፍሮች ነው። ቃሉም ማንንም በግፍ እንዳይነጥቁ፥ በሐሰትም እንዳይከሱ ከማዘዙ ጋር የተያያዘ ነው። ሰይፍ የያዘ ሰው ድኻውን እየዘረፈ ደመወዙን እንዳያሟላ የተሰጠ ትእዛዝ፥ ራሱ የተዘረፈውን ሰው ዝም ለማሰኘት ሲጠቀስ ማየት የሚያሳዝን ነው።

ሁለተኛው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለው የወይኑ አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ነው። ማልደው የገቡት አንጐራጐሩ፥ ጌታውም ገሠጻቸው፤ ስለዚህ ሠራተኛ ማንጐራጐር አይገባውም ይባላል። ምሳሌው በዋናው ስለ መንግሥተ ሰማያት የተነገረ መሆኑን መምህራን ሁሉ ያስተምራሉ። ሆኖም አሠሪ ሰው ራሱን በባለ ወይኑ ቦታ ሊያስቀምጥ ከወደደ፥ አስቀድሞ ባለ ወይኑ ያደረገውን ሁሉ ያድርግ። ባለ ወይኑ ማልዶ ራሱ ወደ ገበያ ወጣ፤ ሥራው ሳይጀመር ስለ ዋጋው ከሠራተኞቹ ጋር ተስማማ፤ ለአንድ ቀን ሥራ የሚገባውን አንድ ዲናር ቈረጠ፤ በመሸም ጊዜ መጋቢውን ጠርቶ ሳያጐድል ከፈለ። የሚቀጥራቸው አጥተው እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት ለቆሙትም ሙሉ ዋጋ ሰጠ። ያንጐራጐሩት ደመወዛቸው ስለ ቀረባቸው አይደለም፤ ሙሉውን በእጃቸው ይዘው የባልንጀራቸው ማግኘት ስለ ከፋቸው ነው። የተገሠጸው ምቀኝነታቸው ነው። ተስማምቶ የማይከፍል፥ ወይም ከነጭራሹ የማይስማማ አሠሪ በዚህ ምሳሌ ሊከለል አይችልም፤ እርሱን የሚመስለው የያዕቆብን ዋጋ ዐሥር ጊዜ የለዋወጠው ላባ ነው (ዘፍ. 31፥7)።

ማንጐራጐር ሁሉ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ፥ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከግሪክ አይሁድ ወገን የሆኑት መበለቶቻቸው በዕለቱ ምግብ ስለ ተጓደለባቸው ሲያንጐራጕሩ ሐዋርያት በገሠጿቸው ነበር። ሐዋርያት ግን ሕዝቡን ሰብስበው ነገሩን ሰሙ፤ እውነት ሆኖ ስላገኙትም ሰባት ዲያቆናትን ሾሙ። የዲቁና ሹመት በቤተ ክርስቲያን የተጀመረው የድኾች አቤቱታ ተሰምቶ ነው።

በአገራችንም ማኅበር እንግዳ ነገር አይደለም። ጽዋ ማኅበርና እድር ያለው ሕዝብ ወደ ፋብሪካ ሲገባ ልማዱን ይዞ ገባ፤ ገና ሕግ ሳይወጣ በምድር ባቡርና በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች በመረዳጃ ስም ይሰበሰቡ ነበር። በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሥራ ምክንያት መሰብሰብን ፈቀደ፤ በሚያዝያ 1955 ዓ. ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1956 ዓ. ም. ዐዋጅ ቍጥር 210 ወጣ። በዚያ ሕግ 50 ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ማኅበር አይቆምበትም ነበር፤ ዛሬ በሚሠራበት በዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ግን ዐሥር ሠራተኞች ይበቃሉ። ማኅበርተኛ ስለ ሆነ ብቻ ሠራተኛን ማሰናበትም ክልክል ነው። የመንግሥት መምህራን በዚህ ዐዋጅ ሳይሆን በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የሚተዳደሩ መሆናቸውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

የንስሐ አባቶች አንድ ነገር በተለይ ቢያውቁት መልካም ነው። በዐዋጁ መሠረት ያልተከፈለ ደመወዝ ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ መብቱ በይርጋ ይታገዳል። «ታገሥ ልጄ» የሚለው ምክር ሰባት ወር ሲሞላው የድኻውን ገንዘብ ለአሠሪው አሳልፎ የሰጠ ምክር ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ማኅበርተኛውም ቢሆን ያለ ነቀፋ አይደለም። የአባላትን መዋጮ የሚበላ የማኅበር ሹም ከላባ በምን ይለያል? ሥራ ማቆም ያልፈለገውን ወንድም የሚደበድብ፥ የተስማማበትን ሰዓት እየሰረቀ ሙሉ ደመወዝ የሚቀበል፥ ለእነዚህ ሁሉ ሐዋርያው ለጌታ እንደሚደረግ አድርጎ በቅን ልብ መሥራትን አዟል (ቈላ. 3፥23)። አሠሪዎችም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው አውቀው ቅኑን እንዲከፍሉ ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ መጀመሪያ ታዘዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ፤ ቤተ ክርስቲያንም አሠሪ ናትና። በየካቲት 1966 ዓ. ም. መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም ሲያደርግ፥ በዚያው ሰሞን በጥቂት ገንዘብ ያገለግሉ የነበሩ ካህናትም የደመወዝ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ዛሬም በደብር ግቢ የሌሊት ጥበቃ፥ የጽዳት ሠራተኛ፥ የአብነት መምህር፥ አገልጋይ ዲያቆን አለ። የሃይማኖት ድርጅቶች ከሠራተኞቻቸው ጋር ባላቸው ግንኙነት ላይ ዐዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል በዐዋጁ ተጽፏል። ይህ ፈቃድ ግን ኦሪት ዘዳግምን አይሽርም፤ የምድሩ ሕግ ቢተወን የሰማዩ አይተወንም። ነቢዩ ኤርምያስ (22፥13) ቤቱን ባልንጀራውን ያለ ዋጋ እያሠራ በሚያንጽ ሰው ላይ ወዮታን ተናግሯል፤ ቤተ መቅደስ የሚያንጸውን ለይቶ አላወጣም።

በቃለ ዐዋዲው የተቋቋመው የሰበካ ጉባኤ የዓመቱን በጀት ሲመድብ፥ የጥበቃውን፥ የጽዳት ሠራተኛዪቱንና የመምህሩን ደመወዝ ከሕንፃው ወጪ አስቀድሞ ይጻፍ። ውዝፍ ያለበት ደብርም ከሚመጣው የንግሥ በዓል ገቢ ላይ ለሌላ ነገር ሳያወጣ አስቀድሞ ይክፈል፤ የሠራተኞቹንም ስምና የወሩን ሒሳብ ለምእመናን በሚቀርበው መግለጫ ውስጥ ያስገባ።