ጎመን አበባ ሲያወጣ ምን እናድርግ?

በደጃፋችን በቆርቆሮና በጆንያ የተከልነው ጎመን ወይም ሰላጣ አንድ ቀን ግንዱ ሽቅብ ተመዝዞ፣ ቅጠሉ አንሶ፣ ጫፉ እምቡጥ ይዞ እናገኘዋለን። ባለፈው ዓመት በእኔም ይኸው ደረሰ። ውኃ በጀሪካን እየገዛሁ ያሳደግሁት ጎመን ቢጫ አበባ ሲያወጣ ተናድጄ መንቀል ጀመርኩ። አንዲት ጎረቤቴ እናት፣ «ተው አንተ ልጅ፣ የከርሞውን ዘር ነው እኮ የምትነቅለው!» ብለው አስቆሙኝ። የዛሬው ትምህርት ከዚያ የመጣ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

አትክልት አበባ የሚያወጣው ታሞ አይደለም። ዕድሜው ሲደርስ ወይም ሲጨነቅ ዘሩን ለመተካት ይቸኩላል። የሚያስጨንቁትም ሙቀት፣ የውኃ እጥረትና የሥር መጣበብ ናቸው። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ ከበርበራ ትቀዘቅዛለች። ሆኖም ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ በጂላል ወራት፣ ይኸውም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ዝናብ እምብዛም አይገኝም።

እንዴት እናዘግየው?

1. ውኃ በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ጥቂት ጥቂት ግን ሳናቋርጥ እናጠጣ። እህል የታጠበበት ውኃ ይሆናል፤ ሳሙና የነካው ግን አይሆንም።
2. በቀትር ጆንያ ወጥረን ጥላ እናድርግለት፤ አፈሩንም በደረቅ ሣር እንሸፍን።
3. ሰላጣን ሁሉንም በአንድ ቀን አንዝራ፤ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እንዝራ።

አበባ ካወጣስ?

የጎመኑን እምቡጥ ከነለጋ ጫፉ ብንቀነጥብ ከቅጠሉ ጋር ተቀቅሎ ይበላል። ከጎንም አዲስ ቅጠል ለጥቂት ጊዜ ያቆጠቁጣል። የቆስጣም አበባ እንዲሁ ይቆረጣል። ሰላጣ ግን ሲቆረጥ ነጭ ወተት እያወጣ ይመርራል፤ ቢቀነጠብም ጣዕሙ አይመለስም። ስለዚህ ለፍየል ሰጥተን ቦታውን ለሌላ እናውለው።

ዘር ስንይዝ

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ያበበውን ለዘር አንተው፤ ልጆቹም እንደ እርሱ ይቸኩላሉና። ቅጠሉ ሰፊ የሆነውንና ከሁሉ ዘግይቶ ያበበውን መርጠን ምልክት እንሰርበት። የዘሩ መያዣ ወደ ቢጫ ሲለወጥ፣ ሳይፈነዳ፣ በማለዳ ቆርጠን በጨርቅ ላይ በጥላ እናድርቅ። ከዚያ አሽተን፣ በሰፌድ አበጥረን፣ በወረቀት ጠቅልለን ደረቅ ቦታ እናስቀምጥ። ከመዝራታችን በፊት 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ብንፈትን፣ በሳምንት ውስጥ 8ቱ ከበቀሉ ዘሩ ደኅና ነው። የተረፈው የጎመን ዘር፣ እናቶቻችን እንደሚያውቁት፣ ምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

ለመለማመጃ

ሀ. አትክልትን የሚያስቸኩሉት 3 ነገሮች ምንድን ናቸው?
ለ. ቀድሞ ያበበው ለዘር የማይመረጠው ለምንድን ነው?
ሐ. ከግቢያችሁ ለዘር የምትተዉት የትኛው ነው? ዛሬውኑ ክር እሰሩበት።

ጎመን በጤና!