ትምህርት አሥራ አንድ፤ ምርጫን በምክንያት ማስረዳት

«ደስ ይላል»፣ «ያምራል»፣ «ዘመናዊ ነው» የሚሉት አነጋገሮች ምርጫን ይገልጣሉ እንጂ አያስረዱም። አንድ ሰው «ቤቴን ሰማያዊ ብቀባው ያምራል» ቢል፣ ሌላውም «የለም፣ የሚያምረው ቢጫ ነው» ቢለው፣ ክርክሩ ከዚያ አልፎ ሊሄድ አይችልም። ምክንያት የሚገኘው ከነገሩ ጠባይ ነው። ቤቱ ከምን ተሠራ? የቆመው በምን ዓይነት አፈር ላይ ነው? ዝናቡና ፀሐዩ እንዴት ያገኙታል? ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የመረጥነው በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኝ የሸክላ ጡብ ቤት ነው። አቃቂ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ መተላለፊያው የነበረች፣ በኋላም ፋብሪካዎች የተስፋፉባት ስፍራ ናት። ቤቱና ባለቤቶቹ ለትምህርቱ ሲባል የታሰቡ ናቸው፤ አፈሩ፣ ዝናቡና አቧራው ግን እውነተኞች ናቸው።

ምንባብ

አባት ከፋብሪካ ሥራ በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ቤታቸውን የሠሩት ከደመወዛቸው እየቆጠቡ፣ ጡቡን በየጊዜው እየገዙ አጠራቅመው ነበር። ታላቋ ልጃቸው ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ስለ ሆነ፣ ዕቁብ እንደ ወጣላቸው ቤቱን በሙሉ፣ ጡቡን ጭምር፣ ነጭ የዘይት ቀለም ሊያስቀቡት አሰቡ። ሐሳባቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በክረምት አንደኛው ግድግዳ ይርሳል፤ በውስጥ በኩልም ልስኑ ይረግፋል። ቀለም ሻጩ ደግሞ «የዘይት ቀለም ውሃ አያሳልፍም» ብሎ ነግሯቸዋል።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሽ ልጃቸው ግን ቤቱን ዞራ ተመለከተችና እንዲህ አለቻቸው።

«አባባ፣ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልንገርዎ። ግድግዳው የሚርሰው ጡቡ ቀለም ስላጣ አይደለም። አሸንዳው ከጥጉ ላይ ተበስቷልና የጣሪያው ውሃ በዚያ ግድግዳ ላይ ይወርዳል። ሸክላ ውሃ ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲያገኝም የጠጣውን መልሶ ይተነፍሳል። በዘይት ቀለም ብንዘጋው ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ቀለሙ ያብጣል፤ ይላጣል። ያን ጊዜ ቀለሙን እናስለቅቅ ብንል የጡቡ ፊት አብሮ ይነሣል።»

«ታዲያ ለእኅትሽ ሠርግ ቤቱ እንዲሁ አፈር መስሎ ይታይ ትያለሽ?»

«አይደለም፣ አባባ። ጡቡ ይታጠብ፤ በጡቦቹ መካከል የረገፈው ስሚንቶም ይሞላ። ቀለሙን ግን ጡብ ባልሆነው ላይ እናውለው፤ በበሩና በመስኮቱ መቃን፣ በጣሪያው ክፈፍ፣ በፍርግርጉና በአጥሩ በር ላይ።»

ቀጥሎ የቀለሙ ዓይነት ተነሣ። አባት ነጫጭ መቃኖችን ፈለጉ። ልጂቱ በከፊል ተስማማች። ነጭ ከቀይ ጡብ አጠገብ ጎልቶ ይታያል፤ ነገር ግን በቤቱ አጠገብ የሚያልፈው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጥቁር ጭቃው አያድርስ ነው። ስለዚህ ለመቃኖቹ ነጣ ያለ የወተት ቀለም፣ ለክፈፉና ለብረቱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ መረጠች። ብረቱም አስቀድሞ ዝገቱ ተፍቆ የዝገት መከላከያ እንዲቀባ አሳሰበች። ግንበኞች «ዞኮሎ» የሚሉት የተለሰነው የግድግዳ ግርጌ አመድማ ይሁን አለች፤ ከመሬት እየነጠረ የሚረጨው ጭቃ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

አባት ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ «መጀመሪያ አሸንዳው ይጠገን» አሉ። በአረንጓዴው ግን አልተስማሙም፤ «የቀበሌ አዳራሽ ያስመስለዋል» ብለው ቡናማ አደረጉት።

ማብራሪያ

ልጂቱ ንግግሯን የጀመረችው ከራሷ ምርጫ ሳይሆን ከአባቷ ምክንያት መሆኑን አስተውሉ። እርሳቸው የፈሩት እርጥበቱን ነው፤ ስለዚህ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ አስቀድማ አሳየች። ይህን ትታ በቀጥታ ስለ ወተት ቀለም ብትናገር ኖሮ ማንም አይሰማትም ነበር። ከሁሉ የከበደው ምክንያቷ ግን የመጨረሻው ነው። ያልተወደደ መቃን በሚመጣው ዓመት እንደገና ሊቀባ ይችላል፤ በዘይት ቀለም የተሸፈነ ጡብ ግን ወደ ጥንቱ መልኩ በቀላሉ አይመለስም። ሊታረም የሚችለውንና የማይችለውን ምርጫ መለየት ለክርክር ድርሰት ትልቅ ኃይል ይሰጠዋል።

በቡናማውና በአረንጓዴው ክርክር እኛ ከልጂቱ ጋር ነን። ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በፓሪስ የጎብለን ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ሲቀርብለት መረመረና ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከክሩ ጎረቤቶች መሆኑን ደረሰበት፤ አንድ ቀለም በአጠገቡ ባለው ሌላ ቀለም የተነሣ ተለውጦ ይታያል። ይህንንም በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱም ይደምቃሉ፤ ቡናማ ግን ለቀይ ጡብ ቅርብ ዘመድ ነውና ከርቀት ሲያዩት ከጡቡ ጋር ይቀላቀላል። ይሁን እንጂ ቤቱ የአባትየው ነው።

የቀለም ቅጽሎች

«ነጭ» እና «ነጣ ያለ» አንድ አይደሉም። «ነጣ ያለ»፣ «ቀላ ያለ»፣ «ጠቆር ያለ» የሚሉት ወደዚያ ቀለም የሚያደላውን እንጂ ፍጹም የሆነውን አያመለክቱም። ቀለም ቀቢውን «ጠቆር ያለ አረንጓዴ» በማለት ፈንታ «ጥቁርና አረንጓዴ» ብትሉት የቃሉ ስሕተት በክፈፉ ላይ ወጥቶ ይታያል። «ቡናማ» እና «አመድማ» ከስም ላይ «‑ማ» በመጨመር፣ «ሰማያዊ» ደግሞ «‑ኣዊ» በመጨመር የተገኙ ናቸው። «ነጭ» እና «ጥቁር» ሲበዙ ፊደል ደግመው «ነጫጭ»፣ «ጥቋቁር» ይሆናሉ፤ ከስም የወጡት ግን እንዲህ አይደግሙምና «ቡናማ መቃኖች» እንላለን።

መልመጃ

ሀ) የአቃቂ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል። በላዩ የቆመው ግድግዳም ሊሰነጠቅ ይችላል። ልጂቱ ይህን ምክንያት አላነሣችም። በአባቷ ፊት የምትናገረው አስመስላችሁ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨምሩላት።

ለ) አባትየው ለአረንጓዴው የሰጡትን መልስ መርምሩ። ምክንያት ነው ወይስ ስሜት? ምክንያት እንዲሆን አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።

ሐ) የምትኖሩበትን ቤት ወይም የትምህርት ቤታችሁን ግድግዳ ከውጭ ዞራችሁ ተመልከቱ። ቢያንስ አራት የቀለም ቅጽሎችን በመጠቀም፣ የትኛው ክፍል ቢቀባ፣ የትኛውስ ሳይቀባ ቢቀር እንደሚሻል በሁለት አንቀጽ አስረዱ።