የቆየን ስም ወደ ገበያ ስለ መመለስ

ነጋዴ የመጋዘኑን ዕቃ ሲቈጥር ጆንያውንና ሣጥኑን ይመዘግባል እንጂ ስምን አይመዘግብም። ሆኖም ደንበኛ የሚያስታውሰው የቆየ ስም እንደ ዕቃው ሁሉ ዋጋ ያለው፥ በአያያዝ ጕድለትም እንደ ዕቃው የሚበላሽ ሀብት ነው። ለዚህ ትምህርት የሚሆን አንድ የአሜሪካ የጨዋታ ንግድ ታሪክ እናቀርባለን፤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ በ1974 ዓ.ም. ለገበያ ወጣ፤ አሳታሚው በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ የነበረው ቲ ኤስ አር የተባለ ኩባንያ ነው። ጨዋታው እንደ ገበጣ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፥ ሌሎቹ የጀግና ወይም የጠንቋይ ሚና ይይዛሉ፥ የሥራቸውንም መሳካት የዕጣ ጠጠር ይወስናል። ስለዚህ ዋናው የሚሸጠው ዕቃ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ምናባዊ አገር የሚገልጸው መጽሐፍ ነው።

ከነዚህ አገሮች አንዱ ሬቨንሎፍት ይባላል። አቶ ትሬሲ ሂክማንና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎራ በ1983 ዓ.ም. ሲያወጡት የ32 ገጽ ደብተር ነበረ፤ ስትራድ የተባለ ደም መጣጭ መስፍን በጉም የተከበበ ሸለቆን አስጨንቆ ሲገዛ ይተርካል። በ1990 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሰፊ ዓለም ሆነ። ነገር ግን ኩባንያው በዚያ ዘመን አንዱ ዓለም ሳይጠግብ ሌላ፥ ያም ሳይጠግብ ሌላ እያከታተለ አወጣ። የአንዱ ወዳጅ የሌላውን ስለማይገዛ ገዢው ሳይበዛ የሚታተመው በዛ። መጻሕፍትም ሳይሸጡ ከሻጮች ተመለሱ፤ የወጣ ዕቃ ሁሉ የተሸጠ አለመሆኑን በተመላሽ ዕቃ የነገደ ሁሉ ያውቀዋል። ኩባንያውም በዕዳ ተይዞ በ1997 ዓ.ም. ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ለተባለው ድርጅት ተሸጠ።

አዲሱ ባለቤት በ2016 ዓ.ም. ሬቨንሎፍትን ሲያድስ አስቀድሞ ሁለቱን ደራሲዎች አማከረ። ደብተሩ የ256 ገጽ መጽሐፍ ሆነ፤ ይሁን እንጂ ሸለቆው፥ ግንቡና መስፍኑ እንደ ነበሩ ቈዩ። ከሁሉ የሚደነቀው፥ የቅርሶቹን መደበቂያ በካርታ መግለጥ የሚወስነው የ1983ቱ ብልሃት አለመጣሉ ነው፤ በዚህም ምክንያት አንድ ጊዜ የተጫወተው ሰው ቢደግመው ሌላ መልክ ያገኝበታል። የቀድሞው ደንበኛ የሚወደውን አገኘ፤ አዲሱም የድሮውን ሳያነብ ሊጀምር ቻለ። ከአባቱ የወረሰውን የቡና ምልክት ለማንሣት የሚያስብ ነጋዴም ሣጥኑን ከማሳመሩ በፊት የቀድሞ ገዢዎቹን «ከዚያ ቡና የምታስታውሱት ምኑን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡን ከኪሳራ ያድናል።

አሮጌ ነገር ግን ከነነውሩ ይመጣል። በሬቨንሎፍት ያሉት ቪስታኒ የተባሉት ተጓዦች የሮማን ሕዝብ በሚያዋርድ አኳኋን ተሥለው ስለ ነበረ፥ ባለቤቱ በ2020 ዓ.ም. አርሞ መጽሐፉን ከ54 ካርታዎች ጋር የሬሳ ሣጥን በሚመስል ማሸጊያ አወጣው። (በእኛ አገር መደርደሪያ ላይ ይህን ማሸጊያ ማን ደፍሮ እንደሚያቆም እንጃ።)

አዲስ የሚጨመረውም ቢሆን ሳይመረመር አይወጣም። መርከቦች በከዋክብት መካከል የሚቀዝፉበት ስፔልጃመር የተባለው የ1989 ዓ.ም. ዓለም በ2022 ዓ.ም. ሲመለስ፥ ዝንጀሮ ለሚመስሉ ፍጥረቶቹ የባርነት ታሪክ ተጨመረላቸው፤ ብዙ ገዢዎችም ጥቁሮችን የሚነካ ስድብ ነው ብለው ተቃወሙ። ድርጅቱ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን ከኤሌክትሮኒክ ቅጂው አወጣ፤ በወረቀት የታተመው ግን ዋጋው ተከፍሎበት በገዢዎች ቤት ገብቶ ነበር።