ጠዋት 3 ሰዓት በኮምፒውተር ስንት ሰዓት ነው? የክሮን ትእዛዝ አጻጻፍና ማረጋገጫው

ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው ፌደራል ዌይ የሚኖር የሶፍትዌር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ ላለ ክሊኒክ በየሳምንቱ ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለታካሚዎች የቀጠሮ ማስታወሻ የሚልክ ሥርዓት አዘጋጀ እንበል። የመላኪያውን ጊዜ የምትወስነው አምስት ክፍሎች ያሏት አንዲት አጭር መስመር ናት።

ክሮን በዩኒክስና በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ሥራዎችን በተወሰነላቸው ጊዜ የሚያስጀምር ፕሮግራም ነው። አምስቱ ክፍሎች ከግራ ወደ ቀኝ ደቂቃን (0–59)፣ ሰዓትን (0–23)፣ የወሩን ቀን (1–31)፣ ወርን (1–12) እና የሳምንቱን ቀን (ከ0 እስከ 6፤ 0 እሁድ፣ 1 ሰኞ) ያመለክታሉ። የኮከብ ምልክት (*) «ሁሉም» ማለት ነው።

የመጀመሪያው አሳሳች ነገር የሰዓት አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ሲሆን፣ ክሮን ግን ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። በአዲስ አበባ ሰዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ

0 3 * * 1

ተብሎ ቢጻፍ ማስታወሻው የሚላከው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ትክክለኛው

0 9 * * 1

ይሆናል። ወሩም የሚቆጠረው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው፤ 1 ጃንዋሪ እንጂ መስከረም አይደለም፣ ለጳጉሜንም ቦታ የለውም።

ሁለተኛው የቦታ ልዩነት ነው። ኮምፒውተሩ በፌደራል ዌይ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፣ በክረምታቸው ወራት አዲስ አበባ 11 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ እሁድ ማታ የሚነሣው

0 22 * * 0

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይደርሳል። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሁድ ሰዓቷን ወደፊት ስታዞር ግን ልዩነቱ 10 ሰዓት ይሆናል፤ ማስታወሻውም እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ድረስ ጠዋት 2 ሰዓት ይደርሳል። ኮምፒውተሩ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት (ዩቲሲ) ሲሠራና

0 6 * * 1

ሲባል ችግሩ ይወገዳል፤ ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለችና።

ሦስተኛው የሁለት ቀኖች መደራረብ ነው።

0 9 13 * 5

«13ኛው ቀን አርብ ሲውል» ይመስላል፤ በተለመደው ክሮን ግን ሥራው በየወሩ 13ኛ ቀንም በየሳምንቱ አርብም ይነሣል።

እነዚህ ስሕተቶች በአጻጻፍ ረገድ ትክክል ስለሆኑ ኮምፒውተሩ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ስለዚህ ትእዛዙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ኮምፒውተሩ የሚከተለውን የሰዓት ቀጠና ማጣራት፣ ቀጣዮቹን አምስትና ስድስት የመነሻ ጊዜያት በሁለቱም ከተሞች ሰዓት መዘርዘር፣ በማርችና በኖቬምበር የሚሆነውንም ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።