በጌዴኦ ደጋ የበልግ ጉዞ፦ ለተለዋዋጭ አየር አስቀድሞ መዘጋጀት

የጌዴኦ ምድር በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ተዳፋት ነው። ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የቡሌ ደጋ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከዲላ በስስ ልብስ የተነሣ የመስክ ተመራማሪ ደጋው ላይ ሲደርስ ሌላ የአየር ጠባይ ይጠብቀዋል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ወቅት በዚህ ላይ ዝናብ ይጨመራል። የረፋዱ ፀሐይ ተዳፋቱን ሲያሞቅ እርጥበት አዘል አየር ወደ ላይ ይወጣና ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ዶፍ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ጉዞው በማለዳ ተጀምሮ ከፍተኛው ቦታ ከቀትር በፊት ሊታለፍ ይገባል።

ከስንቅ ጋር ደረቅ ቅያሪ ልብስ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ መያዝ አለበት። ጥጥ፣ ጋቢም ቢሆን፣ ከራሰ በኋላ ብዙም ሙቀት አይይዝም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም በከፊል ያሞቃል። የሰውነት ሙቀት አደገኛ በሆነ መጠን እንዲወርድ ውርጭ አያስፈልግም፤ እርጥብ ልብስና ነፋስ ይበቃሉ። የሚንቀጠቀጥና አንደበቱ የሚተሳሰር ሰው ከዝናብ ተጠልሎ ልብሱ ወዲያውኑ ሊቀየርለት ይገባል።

መብረቅ ከታየ በኋላ ነጐድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ፣ ርቀቱ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፤ ከጉብታና ከብቸኛ ዛፍ መራቅ ያሻል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰው የመሬት መንሸራተት ለእርዳታ የተሰበሰቡትን ጭምር ቀብሯል። የራሰ ተዳፋት ደግሞ ሊናድ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። እንግዲህ የመመለሻ ሰዓትን ቀድሞ መወሰንና መንገዱን ለሚቀር ሰው መንገር የዝግጅቱ አካል ነው።