የጣና ዳር ቤተ ሰብ ጤና፦ ውሃው፣ ምድጃውና ማዕዱ



በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖር ቤተ ሰብ ከተፈጥሮ በረከት ብዙ የጎደለበት አይደለም። ሐይቁ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይሰጣል፤ የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ጓያና ሩዝ ያበቅላል፤ ዘጌ በቡናው ይታወቃል፤ በባሕር ዳር ጓሮዎችም ማንጎና ፓፓያ ብርቅ አይደለም። እንዲህም ሆኖ በዚሁ በረከት መካከል ሕፃናት በተቅማጥ ሲደክሙ፣ እናቶች በዓይን ማዝ ብርሃናቸውን ሲያጡ፣ ጎልማሶች በቢልሃርዚያ ሲሠቃዩ እናያለን። የብዙዎቹ ሕመሞች መንሥኤ የነገሩ አለመኖር ሳይሆን የአያያዙ ጉድለት ነው። በመሆኑም ይህ ትምህርት ከየቤቱ ጋር ቅርበት ያላቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለየቤተ ሰቡ ሊያስረዱት በሚችሉት መንገድ ተዘጋጅቷል።

ስለ ሐይቁ ውሃ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው የአገራችን ታላቁ ሐይቅ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዳር ዳሩ ረጋ ያለ፣ ሣርና ደንገል የበዛበት በመሆኑ ለትናንሽ ቀንድ አውጣዎች የተመቸ ነው። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። በበሽታው የተያዘ ሰው በሐይቁ ዳር ወይም ወደ ሐይቁ በሚወርድ ጅረት አጠገብ ሲጸዳዳ፣ ከዓይነ ምድሩ ጋር የወጣው የትሉ ዕንቁላል ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። የተፈለፈለውም ወደ ቀንድ አውጣው ገብቶ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላም በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ እጅግ ብዙ ትሎች ሆኖ ወደ ውሃው ይመለሳል። እነዚህ ትሎች የሰውን ቆዳ በስተው ወደ ደም ይገባሉ።

ከዚህ የምንረዳው በሽታው እንዲይዝ ውሃውን መጠጣት የማያስፈልግ መሆኑን ነው። እግርን ነክሮ ልብስ ማጠብ፣ መዋኘት፣ ታንኳ መግፋት፣ መረብ መሳብ ይበቃል። ትሎቹ ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጡት ፀሐይ በጠነከረችበት ሰዓት ሲሆን፣ ልጆች ለዋና የሚመርጡትም ያንኑ ሰዓት መሆኑ ያሳዝናል። በሽታው በመጀመሪያ ያሳክካል፤ ቀጥሎ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ለዓመታት ሲቆይም ጉበትንና ጣፊያን ያሳብጣል። ፕራዚኳንቴል የሚባል ፈዋሽ መድኃኒት አለው፤ በየትምህርት ቤቱም በዘመቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ነገር ግን ታክሞ የዳነ ልጅ ወደዚያው ውሃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ክኒኑ የያዘውን ያድናል እንጂ ለሚመጣው አጥር አይሆንም።

ታዲያ ከሐይቁ ተለይቶ መኖር ለማይችል ሰው ምን ይባላል? አንደኛው ነገር መጸዳጃ ቤትን ከውሃው አርቆ መሥራት ነው፤ ዕንቁላሉ ውሃ ካላገኘ ዙሩ ይቋረጣልና። ሁለተኛው፣ ለገላና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን ውሃ ቀድቶ፣ ቀንድ አውጣ እንዳይገባበት አጥልሎ፣ በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን ማሳደር ነው። ትሎቹ ሰው ካላገኙ በዚህ ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ውሃን ማሳደር የቢልሃርዚያን ትል እንጂ የታይፎይድንና የኮሌራን ተዋሲያን አይገድልም። የሚጠጣው ውሃ መፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለው መድኃኒት በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን መታከም አለበት። የታከመውም ውሃ ሁሉም ሰው ኩባያውን እየነከረ የሚቀዳበት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ አፈ ጠባብ ጀሪካን ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ስለ ቢልሃርዚያ ሲነገር የእንዶድ ታሪክ ሊዘነጋ አይገባም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጹበትን የእንዶድ ፍሬ ሁላችን እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በዐድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዘወትር ከእጃችን የማይለይ የልብስ ማጠቢያ ለሳይንስ ዓለም ግኝት የሆነው እንዲህ ነው። ይሁንና ይህን የሰማ ሰው ሁሉ እንዶድ ወቅጦ ወደ ሐይቁ እንዲጥል አንመክርም፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና። በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማደንዘዝ ምን ያህል ጫጩት እንደሚያጠፋ ዓሣ አጥማጆቻችን ያውቃሉ። እንዶድን መጠጣትም ለሕይወት አደገኛ ነው።

ስለ ግቢና ስለ ልጆች ፊት

የዓይን ማዝ፣ በሐኪሞች አጠራር ትራኮማ፣ የአማራ ክልልን ያህል ያጠቃው አካባቢ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በፎጣ፣ በነጠላ ጫፍና በዝንብ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በእያንዳንዱ ርግብታም የዓይኑን ብሌን ይፍቃል። ሕፃናትን የሚያቅፉት እናቶች በመሆናቸው በዕድሜ ማምሻ ዓይነ ስውር የሚሆኑት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። ሽፋሽፍቱን በጉጠት መንቀል ለጊዜው ቢያሳርፍም መልሶ ይበቅላል፤ በጤና ጣቢያ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አጭር ስለሆነ ሊፈራ አይገባም።

የልጆችን ፊት የምትወደው ዝንብ በሜዳ ላይ በወደቀ የሰው ዓይነ ምድር ትራባለች፤ በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ግን አይመቻትም። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት የሚጠብቀው ሆድን ብቻ ሳይሆን ዓይንንም ነው። የልጅን ፊት ጠዋትና ማታ ማጠብ አንድ ኩባያ ውሃ የሚበቃው ሥራ ነው። በአገራችን ልማድ ከማዕድ በፊት በማስታጠቢያ እጅ ማስታጠብ የተከበረ ወግ ቢሆንም፣ ውሃ ማፍሰስ ብቻውን አያጠራም፤ ሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋም ንጹሕ አመድ ያስፈልጋል። ከመጸዳጃ ቤት መልስና የሕፃን ዓይነ ምድር ከጠረጉ በኋላ መታጠብም ከማዕድ በፊት ከሚደረገው አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች በየቀበሌው የሚያስተምሩት አንዱ ይኸው ነው።

ስለ ምድጃ

በአንዲት ክፍል ውስጥ በሦስት ጉልቻ እንጀራ የምትጋግር እናትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን በአንድ ቀን የሚስቡት ጢስ ቀላል አይደለም። ጢስ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሳንባ ምች አንዱ ምክንያት ነው። ምርጥ ምድጃ የተባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። ይህን መግዛት ያልቻለ ቤተ ሰብ ማድቤቱን ከመኝታ ቤቱ ለይቶ፣ ከጣሪያው ሥር የጢስ መውጫ ከፍቶ፣ ማገዶውን በደንብ አድርቆ ብዙ ሊረዳ ይችላል። ከሰል ግን ጢስ ስለሌለው አይጎዳም የሚባለው ስሕተት ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ቡና የተፈላበት ከሰል ወደ ውጭ ሳይወጣ በር ዘግቶ መተኛት አይገባም።

ስለ ማዕድ

ጤፍ ከጥራጥሬ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ስለዚህ እንጀራ በሽሮ የድኻ ምግብ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። በዚህ ላይ ጎመን፣ ካሮት ወይም ዱባ ቢጨመር፣ የበሰለ ፓፓያ ወይም ማንጎ ቢከተል ልጆችን ከዳፍንት የሚጠብቅ ቫይታሚን ኤ ይገኛል። ጎመኑ ለረጅም ጊዜ ባይቀቀል፣ ጥቂት ዘይትም ቢነካው ይመረጣል። ሎሚ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበል ሲረዳ፣ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ቡናቸውን ከማዕድ አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገዩት መልካም ነው፤ ቡናን ጨርሶ ተዉ ብንል የሚሰማን እንደሌለ እናውቃለን። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ የፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ መጋገሩ እንጀራውን ያነጣዋል፤ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን የተፈተገ ሩዝ በብረትና በአሠር ከጤፍ እጅግ ያንሳል።

ጨውን በተመለከተ፣ እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን በሙቀትና በፀሐይ ስለሚጠፋ፣ ጨው በተከደነ ዕቃ ተቀምጦ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማቅመስም ቢቀር ይበጃል፤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ አጥንቱ በጥንቃቄ የተለቀመ የበሰለ ዓሣ በገንፎው ውስጥ ቢፈጭለት በዚህ አካባቢ ከሁሉ የቀረበ የሥጋ ገንቢ ምግብ ነው። ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሰው ስለ ኮሶ ትል መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢያንስ በቄራ ያልተመረመረ ሥጋ በጥሬው አይበላ።

ስለ ጓያ ግን ሰፋ አድርገን መናገር ይገባናል። ጓያ ክረምቱ ሲወጣ በጥቁር መሬት ላይ ተዘርቶ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ውሃ ቢተኛበትም ድርቅ ቢመጣበትም የሚጸና እህል ነው። ሌላው ሰብል ሲከዳ ጓያ ይተርፋል፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በፍሬው ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። ለጥቂት ጊዜ ከሌላ ጋር ተቀላቅሎ የበላው ሰው አይጎዳም፤ ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገው ግን አንድ ቀን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ እግሩ እየደረቀ በጣቱ ጫፍ መራመድ ይጀምራል፤ ከዚያም አንድ በትር፣ ሁለት በትር ይይዛል፤ የባሰበትም ይድሃል። እጁና አእምሮው ደህና ነው። መድኃኒት የለውም። ይበልጥ የሚያጠቃውም የቤተ ሰቡ አራሽና ጧሪ የሆኑትን ወጣት ወንዶች ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በጎንደር ክፍለ ሀገር በጓያ የተነሣ የሽባነት ወረርሽኝ ደርሷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናትም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር በሽታው ምን ያህል የተስፋፋ እንደሆነ አሳይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከድርቅ በኋላ በወሎ ደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሽባ ሆነዋል። ስፔንም ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ በመጣው ረኃብ ይህንኑ አይታለች። በአካባቢያችን አንዳንዶች ሽባ የሚያደርገው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ሌሎችም በማሳው ውስጥ ማለፍ ወይም በገለባው ላይ መተኛት ነው ይላሉ። ይህ እምነት የሚጎዳው ሰውን ከእንፋሎቱ እያስሸሸ ፍሬውን ያለ ሥጋት ስለሚያስበላው ነው።

ስለ ደላንታው ወረርሽኝ ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ነገር በየጓዳው ሊነገር የሚገባው ነው። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የበሉት ይበልጥ ሲጎዱ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉትና ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የመሰለ ቅመም በገባበት ወጥ መልክ የተመገቡት ጉዳቱ ቀሎላቸዋል። መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ክኩን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት ውሃውን ደፍቶ ማለቅለቅ፣ ከዚያም አድርቆ ማስፈጨት አብዛኛውን ያስወግዳል። ሲቀቀልም በብዙ ውሃ ቀቅሎ የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት ነው። መቁላት ብቻውን አይበቃም። ሽሮ ከገበያ ፈጭተው ከሚሸጡት የሚገዙ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ማወቅ ስለማይችሉ፣ እህሉን በፍሬው ገዝተው ራሳቸው ቢያስፈጩ ይመረጣል። በተለይ ሰብል በተበላሸበት ዓመት፣ በጎረቤት ያለ ቤተ ሰብ ጓያ ብቻ ሲበላ ወራት እንደቆጠረ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ጤፍ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ቢያካፍል፣ የሚያካፍለው ያ ጥቂት እህል ልጁ በእግሩ እንዲሄድ ወይም እንዲድህ ሊወስን ይችላል።

ለውይይት፦ በመንደራችን ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ጅረቱ ቀርቦ የተሠራ መጸዳጃ ቤት አለን? ለሕዝብ የሚሆነውን ማጠቢያ ከውሃው ዳር አርቀን የምንሠራው የት ቦታ ነው? በዚህ ዓመት ጓያን ዋና ምግባቸው ያደረጉ ቤተ ሰቦች እነማን ናቸው?